«ገና ብቁ ያልሆነ» ብዬ የፈረምኩባቸው ሰው

ጋሽ ሙሉዓለም ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአምስተኛው ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ከብቸና ሞጣ ያለው መንገድ ተዘግቶ፣ ስልኩም አልሠራ ብሎ ነበር። መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያዋን ሚኒባስ ይዞ የመጣ አንድ የማውቀው ሹፌር ሞጣ መናኸሪያ በር ላይ አገኘኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣

«መምህር፣ ጋሽ ሙሉዓለምን ቀበርናቸው እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ትንፋሹ ነው የጣላቸው። እንዳንጠራህ በምን እንጥራህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ፣ «እንግዲህ ፍሬኔን ለማን ላሳይ ነው?» አለና ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ፣ ንጹሑን መስተዋት ደግሞ ደጋግሞ ይወለውል ጀመር።

ለሹፌሮቹ የፍሬን ሐኪም ነበሩ። ለእኔ ምን እንደነበሩ ለመናገር ግን አንድ ወረቀት ላይ ስላኖርኩት ፊርማ ማውራት አለብኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም።

ከሆሳዕና ተቀጥሬ ሞጣ የገባሁት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። አንድ የግል ማሠልጠኛ ውስጥ አውቶ መካኒክ አስተምር ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። የቆርቆሮ ወርክሾፕና ሞተራቸው የማይነሳ ሁለት አሮጌ መኪኖች ነበሩን። እኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን በእጁ የሚያሳይ ሰው ሲፈለግ ጋሽ ሙሉዓለም ከብቸና መጡ። እዚያ ከመንገዱ ዳር የራሳቸው ትንሽ ጋራዥ ነበረቻቸው። ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ይመጣሉ፤ ዓርብ ከሰዓት ወደ ሚስታቸው ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ይመለሳሉ።

አጭርና ቀጭን ሰው ነበሩ። ሰማያዊ ቱታቸው ሦስት አራት ቦታ ተጥፏል፤ ግን ሳይተኮስ ለብሰውት አያውቁም። መኪና ግቢ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ጎማዎቹን ነው። ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ አራቱም ቸርኬ ላይ ተራ በተራ ያሳርፋሉ፤ ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። ከዚያ ቀና ብለው ሹፌሩን፣

«ቤት ስንት ሰው ይጠብቅሃል?» ይሉታል።

«አምስት።»

«እንግዲያው ባዶዬን ነኝ አትበል፤ አምስት ሰው ጭነሃል» ይሉና ክሪክ ያመጣሉ።

በመጣሁበት ዓመት አንድ ቀን ለተማሪዎቼ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ እንደሚቀየር አስተምሬ፣ ለተግባር ትምህርት ወደ እሳቸው ላክኋቸው። ነገሩ ከባድ አይደለም። ከጎማው ጋር የሚዞር ዲስክ የሚባል የብረት ሰሃን አለ፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሁለት ሸራዎች ከውስጥና ከውጭ ጨብጠው ያቆሙታል። ስደርስ ጋሽ ሙሉዓለም ከአንድ ጎማ ያወጧቸውን ሁለት ሸራዎች በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐይ ዘርግተዋል። አንዱ እንደ ሳንቲም ሳስቷል። ሌላው ትናንት የተገዛ ይመስላል።

«የቱ ነው የታመመው?» ብለው ጠየቁ።

ሁሉም ወደ ሳሳው ጠቆሙ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ወደዚያው ጠቁሜ ነበር።

«የለም። እሱማ ሲሠራ ነው ያለቀው። ያለቀውን አትስደቡ፤ ያላለቀውን ጠይቁት። ጓደኛው ብቻውን ሲቃጠል የት ነበር?»

ከዚያ ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘውን ብረት አዙረው አሳዩአቸው። ወዲያና ወዲህ መንሸራተት የሚገባው ጣት የሚያህል ፒን ዝጎ ተጣብቋል። ፒኑ ስላልተንሸራተተ አንዱ ሸራ ሁሉንም ሥራ ብቻውን ተሸክሟል። «ይህን ሳትፈቱ አዲስ ሸራ ብትገጥሙ፣ ሌላ ድሀ ቀጠራችሁ ማለት ነው» አሏቸው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ።

ስለ ፍሬን እንዲህ የሚጨነቁት የሆነ ነገር ደርሶባቸው ነው ብዬ ስላሰብኩ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ወንድም፣ ልጅ፣ የቅርብ ጓደኛ በአደጋ የሞተባቸው መስሎኝ ነበር።

«ሁሉም እንዲህ ይለኛል» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «አደጋ አላየሁም። እንዳላይ ነው የምሠራው። ሰው ካላለቀሰ አይጠነቀቅም ያለው ማን ነው?»

በሁለተኛው ዓመት የማሠልጠኛው ዲሬክተር አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ። ወርክሾፕ ውስጥ መፍቻ የሚይዝ ሁሉ የማሠልጠኛውን ምዘና አልፎ የብቃት ወረቀት እንዲይዝ የሚል ነበር። ጋሽ ሙሉዓለም ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ደስ አላቸው። በምሳ ሰዓት ደብተር ይዘው ከተማሪዎቹ መሐል ይቀመጡ ጀመር። የቤተ ክህነት ትምህርት ስለነበራቸው ፊደላቸው እንደ ብራና ጽሑፍ ያማረ ነበር።

«ለምን ይደክማሉ ጋሼ? እርስዎን ማን ይመዝናል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለጥሩዬ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድሞቿ ወረቀት የሌለው ሰው ነው ያገባሽ ሲሏት ነው የኖረችው። እሷ አትነግረኝም፤ እኔ ግን እሰማለሁ። አንድ ቀን ይዤላት ብገባ ምናለበት?»

መዛኙ እኔ ሆንኩ።

በምዘናው ዕለት የዲሬክተሩ የእህት ልጅ ናትናኤል ለሠርግ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ይዟት የመጣት መኪና ሞጣ ውስጥ ታይታ የማትታወቅ ዓይነት ናት። መሬት ለመሬት የተኛች፣ ጎማዋ የሰፋ፣ ስትነሳ የምታገሳ፣ ለፍጥነት የተሠራች። ፍሬን ሲይዝ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ አንድ ወገንም ትጎትተዋለች። ዲሬክተሩ፣ «ምዘናው በእሷ ይሁን፤ በዚያው ትሠራለች» አለ። ናትናኤል አዲስ ሸራ ይዞ መጥቷል። በዚያኑ ቀን በብቸና በደጀን አድርጎ፣ የዓባይን ቁልቁለት ወርዶ አዲስ አበባ መግባት አለበት።

በእጄ የያዝኩት ወረቀት ላይ ደረጃዎቹ ተዘርዝረዋል፤ ጎማ መፍታት፣ መመርመር፣ ሸራ መቀየር፣ መግጠም፣ ማስረከብ። ሰዓቱ አርባ አምስት ደቂቃ።

ጋሽ ሙሉዓለም የፊት ግራውን ጎማ ፈቱ። የውስጡ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ተፋጭቷል፤ የዲስኩ የውስጥ ገጽ ትልም እንደወጣበት መሬት ተቦድሷል። የውጭው ሸራ ምንም አልሆነም።

«መምህር፣ ና እስቲ እይ» አሉኝ።

ሄጄ አየሁ። ይህን መካድ አልችልም፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፒኑን በዘይት አራሱት፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። አልወጣም። ደግመው አራሱት። ልጆቹ ከበው ሰዓታቸውን ያያሉ። ፒኑ በመጨረሻ ሲወጣ ጎብጧል። ጋሽ ሙሉዓለም መሬት ላይ አንከባለው ለሁላችንም አሳዩን።

«ይህ አይመለስም። በዚህ ላይ አዲስ ሸራ ብገጥም ወፍራም ነውና ዲስኩን አንቆ ይይዘዋል። እየሄደ ይግላል። ዓባይ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ዘይት ይፈላና እግሩ ባዶ ይረግጣል። ፒንም ዲስክም ከአዲስ አበባ ይምጣላት። ዛሬ አትሄድም።»

«ጋሽ ሙሉዓለም፣ ሰዓት አልቋል» አልኩ።

ጎማው መሬት ላይ ነበር። አዲሱ ሸራ ከካርቶኑ አልወጣም። ዲሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ እኔን እያየኝ ነው። ኮንትራቴ በዚያ ወር ይታደሳል። የማሠልጠኛው ቅጽ ላይ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበር፤ «ብቁ» እና «ገና ብቁ ያልሆነ»። ሁለተኛው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «ገና» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። «ደግ ቃል ነው። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ገና የሚለው የለም።» ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና መፍቻዎቻቸውንና እጃቸውን ሊያጥቡ ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄዱ።

ከእሳቸው ቀጥሎ የነበረው ተመዛኝ የጎበጠውን ፒን በመዶሻ መልሶ ቀረቀረው። አዲሱን ሸራ ገጠመ፣ ጎማውን አሠረ፣ በሃያ አምስት ደቂቃ አስረከበ። «ብቁ» ብዬ ፈረምኩለት። ዲሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

መኪናዋ እያገሳች ከግቢ ስትወጣ ጋሽ ሙሉዓለም ከቧንቧው በኩል ብቅ አሉ።

«ማን ለቀቃት?»

«ሸራው ተቀይሮላት…» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸው ውሃ እንዳዘለ ስልካቸውን አወጡ። የናትናኤልን ቁጥር ከዲሬክተሩ ተቀብዬ ሰጠኋቸው፤ ደጋግመው ደወሉ፣ አያነሳም። ከዚያ ወደ ብቸና፣ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ደወሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ከጋራዡ አጠገብ ሳሙና፣ ጨውና ክብሪት የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው፤ መንገዱ ከፊታቸው ነው የሚያልፈው።

«ጥሩዬ፣ ስሚኝ። አንዲት ቀይ፣ አጭር፣ የምትጮህ መኪና ትመጣለች። አስቁሚያት። እንዴትም አድርገሽ አስቁሚያት።»

«እኔ ትራፊክ ነኝ?» ሲሉ ከስልኩ ተሰማ።

«የልብስ ማስጫውን ገመድ ፍቺና መንገዱ ላይ ዘርጊው። ኬላ ይመስለዋል። አንቺ ዳር ቁሚ፤ እንዳትጠጊ።»

ከዚያ ጠበቅን። ጋሽ ሙሉዓለም አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አጠገባቸው ቆምኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። ስለ ምዘናው አንድም ቃል አልተናገሩም። አንዴ ብቻ፣ «እስካሁን ሜዳ ነው፤ ፍሬን ብዙ አይረገጥም» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

ስልኩ ሲጮህ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«መጣች!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ኧረ እየመጣች ነው… ኧረ አትቆምም! ገመዴን ይዛው ሄደች! ሙሉዓለም፣ ገመዴን በጥሳው…»

ጋሽ ሙሉዓለም ተነሥተው ቆሙ።

«…ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። የቀበሌው በር ድረስ ሄዳ ቆመች። የግራ ጎማዋ ይጨሳል! ውሃ ላፍስበት?»

«ውሃ እንዳታደርጊ! የጋለ ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል። ልጁ ብቻውን ነው?»

«ቆይ ልየው። ብቻውን አይደለም። እህቱ መሰለችኝ፣ ከኋላ ሁለት ሕፃናት ይዛለች።»

ጋሽ ሙሉዓለም ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አውርጂያቸው» አሉ ቀስ ብለው። «አውርጂያቸውና ምሳ ስጫቸው። መኪናዋ እዚያው ትቁም። አሁን እመጣለሁ።»

«እሺ። ፈተናውስ? እንዴት ሆነልህ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

እኔን ቀና ብለው አዩኝ። የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ወደ አጥሩ ሄዱ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም።

በዚያው ቀን ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ብቸና ሄዱ፤ ወረቀት የሌለው ሰው ወርክሾፕ አይገባምና ተመልሰው አልመጡም። ቀይዋ መኪና ጋራዣቸው በር ላይ ሁለት ሳምንት ቆማ፣ ፒኑና ዲስኩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እሳቸው ራሳቸው ሠርተው ሸኟት። ናትናኤል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ ኮንትራት ታደሰ። ያችን ወረቀት ከመዝገብ ቤት አውጥቼ፣ «መዛኙ ተሳስቷል» ብዬ አንድ መስመር መጻፍ እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል ዓመቱ አለፈ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ብቸና የወረድኩት በዓመቱ ነው። ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተንበርክከው፣ ከፍሬኑ ላይ ጥቁር አቧራ በአፋቸው እፍ እያሉ ሲያራግፉ አገኘኋቸው። ሠላሳ ዓመት እንዲያ ነው ያጸዱት። ሲነሡ ሳል ያዛቸው፤ አንድ እጃቸውን ጎማው ላይ ጣል አድርገው እስኪያልፍላቸው ጠበቁ።

«ጋሼ፣ አፍዎን በጨርቅ ቢሸፍኑ እኮ…»

«ይሸፈናል» አሉ። እንደማያደርጉት ሁለታችንም አወቅን።

ጥላው ሥር ተቀመጥን። «ስለዚያ ወረቀት…» አልኩ።

«ተወው መምህር። ሰዓቱ አልቆ ነበር። አልቋል ማለትህ ውሸት አይደለም።»

«ግን እኮ አይቻለሁ። እርስዎ ልክ እንደነበሩ…»

«እሱን አውቃለሁ። የእኔ ነገር የወረቀት ነገር ብቻ ነው። መኪናዋ ስትወጣ ግን ዝም አልክ። ያቺ ሴት ሁለት ልጅ ይዛ ነበር። በእኔ ላይ የሆነውን ይቅር ብዬሃለሁ። በዚያኛው ይቅር የምልህ እኔ አይደለሁም።»

ይህን ብለው ተነሡና እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። የጾም ቀን ነበር፤ እትዬ ጥሩወርቅ ሽሮ አቀረቡልን። ጋሽ ሙሉዓለም በእጃቸው እያጎረሱኝ፣ የሆሳዕና ሰው ጉርሻ አይችልም ብለው ሳቁብኝ። እንደዚያ ቀን የከበደኝም የቀለለኝም ምግብ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ እደውልላቸው ነበር። ድምፃቸው እያጠረ ሄደ። ባሕር ዳር ለምርመራ ሄደው ሲመለሱ፣ ሐኪሙ ምን ዓይነት አቧራ ሲምጉ እንደኖሩ እንደጠየቃቸው ነገሩኝ። «ሳንባህ ወዲያና ወዲህ አይልም፤ ደርቋል አለኝ። ዘይት ቀባው ስለው ደነገጠ» ብለው ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸው። ስልኩን እንደያዝኩ እስኪበርድላቸው ጠበቅኩ። ሲበርድላቸው ያሉኝ ስለ በሽታው አልነበረም። «ልጆቹን ፒኑን አሳያቸው፤ ሸራውን ብቻ እንዳታሳያቸው» ነበር ያሉኝ። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው።

ሹፌሩ በነገረኝ ማግስት ብቸና ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ ለቀስተኛ ግን አሁንም ይገባል ይወጣል። የጋራዡ ቆርቆሮ በር ተዘግቷል። ከሞጣ በኩል የሚመጡ መኪኖች እዚያች ቦታ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ቀነስ ያደርጋሉ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ወርዶ በሩን በመዳፉ ነካ አድርጎ ሲመለስ አየሁ።

ቤት ገብቼ ለቅሶዬን ካለቀስኩ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጥቁር ለብሰው ትንሽ ሰው ሆነዋል። ፊት ለፊታችን አግዳሚ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ወንድሞቻቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። እውነቱን፣ እያወቅኩ እንደጣልኳቸው፣ ለእትዬ ለመናገር ቆርጬ ነበር የመጣሁት፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የሄድኩት።

«መምህር» አሉኝ፣ ክንዴን ይዘው። «አንተ ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ወረቀቱን ይዘኸው መጣህ?»

«የምን ወረቀት?»

«ያለፈበትን ነዋ! ያን ቀን በስልክ አልፌያለሁ ሲለኝ ሱቄን ዘግቼ እልል ብዬ፣ ለነዚህ ለወንድሞቼ ሁሉ ተናገርኩ። ማኅተም እስኪመታበት መምህሩ ዘንድ ተቀምጧል ይለኝ ነበር። ቤታችን የመጣህ ጊዜ ልጠይቅህ ስል በዓይኑ ከለከለኝ። የሞጣ ብርድ ደረቴን ባይነካኝ እዚያው እሠራ ነበር ይላል። ሲታመም እንኳ ደውልለት ስለው፣ አታጣድፊው፣ እሱ ሥራ ይበዛበታል አለኝ።» እጃቸውን አንሥተው ግድግዳው ላይ አንድ ባዶ ምስማር አሳዩኝ። «ቦታውን ይኸው አዘጋጅቼለታለሁ። ሳያየው ሄደ።»

ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። በመንገድ ላይ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ጋሽ ሙሉዓለም ሦስት ዓመት ሙሉ እኔን በዚያች ቤት ውስጥ ደግ ሰው አድርገው ነው ያኖሩኝ።

«እትዬ፣ ወረቀቱ በእኔ ነው የቀረው» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

ክንዴን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አደረጉት። «አይዞህ፣ አታልቅስ» አሉኝ። «አንተ ዘንድ ከሆነማ አይጠፋም።»